በጓሮ በር ገብተን

ቅዳሜ ማታ ሰሜን ቨርጂኒያ ያለ ሐበሻ የት እንደሚገኝ ለማወቅ ጠንቋይ መቀለብ አያስፈልግም። ወይ ሰርግ ቤት ነው፣ ወይ ለቅሶ ቤት፣ ወይ ኤርፖርት የታክሲ ሰልፍ ላይ ተራውን እየጠበቀ ነው። የመኪና ውድድር ሜዳ ላይ ግን ማንም አይፈልገውም። እኔንም ማንም እዚያ አይፈልገኝም ነበር፤ ጋሼ ባይኖሩ።

ጋሼ አዲስ አበባ ሳሉ ጋራዥ ነበራቸው። እዚህ ከመጡ ወዲህ ዕድሜያቸውን በታክሲ ነው የጨረሱት። አሁንም ግን በመንገድ የሚያልፍ መኪና ድምፁ ካላማራቸው ወሬያቸውን አቋርጠው አንገታቸውን ዘንበል ያደርጋሉ። «ይሄ ሰውዬ ኩሽኔታው አልቋል፤ አላወቀም» ይላሉ። ሰውዬው ይሄኔ ሁለት መብራት አልፎ ሄዷል። እሳቸው ግን እስከ ማታ ያዝኑለታል።

ነገሩ የተጠነሰሰው ማናሳስ ከተማ አንድ ክርስትና ላይ ነው። ባለቤቱ ጎረቤቶቹን ሁሉ ጠርቶ ኖሮ፣ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ኮፍያውን ሳያወልቅ መጥቶ ከእኛ ጋር በረንዳ ላይ ጥብሱን በእንጀራ እየጠቀለለ ይበላል። ብዙም አይናገርም። ሁለተኛ ሰሃን ሲቀርብለት ግን በጣቱ ወደ ተደረደሩት ቤቶች እያመለከተ፣ «እዚያ ማዶ መኪና ተገልብጦብኝ ያውቃል» አለን። የትራፊክ አደጋ መስሎን «እግዚአብሔር ያተረፈህ» አልነው። የትራፊክ አልነበረም። ያ ሁሉ ሰፈር ከቤት በፊት ኦልድ ዶሚኒየን ስፒድዌይ የሚባል የእሽቅድምድም ሜዳ ነበር።

ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ እስከ 2012 ድረስ (ዓመቱን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) በየሳምንቱ ማታ ማታ መኪና ሲሽከረከርበት ኖሯል። አንዱ ዙር ሦስት ስምንተኛ ማይል፣ ስድስት መቶ ሜትር ያህል ነው። ዙራቸው ከአንድ ማይል የሚያንሱትን ሜዳዎች «ሾርት ትራክ» ይሏቸዋል። በቴሌቪዥን የምናየው ትልቁ ናስካር ከእነዚህ ውስጥ ጥቂቶቹን ነው የሚጎበኘው፤ ለምሳሌ እዚሁ ቨርጂኒያ ማርቲንስቪል ያለውን። የቀሩት የሰፈር ናቸው። ነጂው ቀን ቧንቧ ሲጠግን ይውልና ማታ የእሳት መከላከያ ልብሱን ለብሶ ይገባል። ተመልካቹ ወንድሙ፣ አክስቱ፣ ገንዘብ ያበደረው ሰው ነው።

ጋሼ ጥብሱን ተዉት። «እና ዘጉት?» አሉ።

ሸጡት። መሬቱ ላይ ቤት ተሠራበት። በምትኩ በ2016 ቶርንበርግ ላይ፣ ከዚህ ወደ ደቡብ ርቆ፣ ዶሚኒየን ሬስዌይ የተባለ አዲስ ሜዳ ተከፈተ። ሽማግሌው ሲያስረዳን ቤቱ ትራኩን እያባረረ ነው አለ፤ ትራኩ ወደ ገጠር ይሸሻል፣ ቤቱ ይከተለዋል፣ ቀድሞ ሜዳውን እያየ ቤት የገዛው ሰው ደግሞ ከዓመት በኋላ ጩኸቱ አላስተኛኝም ብሎ ለካውንቲው ይከሳል።

እዚህ ላይ የጋሼ ባለቤት እትዬ ጣልቃ ገቡ። እትዬ ቤት ያሻሽጣሉ፤ የዚያን ቀን ልጁን ያስጠመቀውንም ሰው ቤቱን ያገኙለት እሳቸው ናቸው። «ታዲያ ምን ይደረግ?» አሉ። «በሳምንት አራት ሰዓት ለሚሠራበት መሬት ዓመቱን ሙሉ ግብር ሲከፈልበት ይኑር?» ማንም አልመለሰላቸውም። እውነቱን ለመናገር እኔም እስካሁን ደህና መልስ አላገኘሁለትም።

ሽማግሌው ጋሼ ታክሲ ነጂ እንደነበሩ ሲሰማ ግን ፊቱ በራ። «ዌንደል ስኮትም ታክሲ ነጂ ነበር» አለ። ይሄኔ ነው ጋሼን ያጣናቸው።

ዌንደል ስኮት ዳንቪል በ1921 የተወለደ ጥቁር አሜሪካዊ ነው፤ ዳንቪል እዚሁ ቨርጂኒያ፣ ከኖርዝ ካሮላይና ወሰን ላይ ያለች ከተማ ናት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አውሮፓ ዘምቶ የሠራዊቱን መኪና ሲጠግን ቆየ። ሲመለስ ጋራዥ ከፈተ፣ በጎን ደግሞ ሕገ ወጥ አረቄ በመኪና ያመላልስ ነበር። በ1952 የዳንቪል ውድድር አዘጋጆች ሕዝብ የሚስብላቸው ጥቁር ነጂ ፈለጉና ፖሊሶቹን ጠየቁ፤ ፖሊሶቹም አሳደው አልይዝ ያላቸውን ስኮትን ጠቆሙ ይባላል። እንዲህ ያለ የድጋፍ ደብዳቤ ለማንም አይጻፍም። በ1959 ሪችመንድ አጠገብ ሳውዝሳይድ ስፒድዌይ ላይ ሻምፒዮን ሆነ። ዲሴምበር 1 ቀን 1963 ጃክሰንቪል፣ ፍሎሪዳ፣ በግማሽ ማይል የአፈር ሜዳ ላይ የናስካርን ትልቁን ደረጃ ውድድር አሸነፈ፤ በዚያ ደረጃ ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር ነው። አዘጋጆቹ ግን ዋንጫውን ከእሱ ኋላ ለነበረው በክ ቤከር ሰጡት። ሕዝቡ ወደ ቤቱ ከተበተነ በኋላ የዙር ቆጠራ ስሕተት ነበር ብለው ድሉን መለሱለት፤ ዋንጫውን አልመለሱለትም። ቤተሰቡ ከናስካር ምትክ ዋንጫ የተቀበለው በ2021 ነው። ስኮት ከሞተ ሠላሳ ዓመት አልፎት ነበር።

«ታክሲ ነጂ፣ መካኒክ፣ ጥቁር፣ በዚያ ላይ ሒሳቡን የተከለከለ» አሉ ጋሼ ወደ ቤት ስንመለስ። «ይሄ ሰውዬ የእኛ ሰው ነው።»

ከዚያ በኋላ ነገሩ ከእጄ ወጣ። ፍልሰታ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ቅዳሴ አስቀድሰን፣ ጸበል ጻዲቅ ቀምሰን ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ጋሼ የመኪናቸውን በር ከፍተው «ግባ» አሉኝ። ወደ ቤት የምንሄድ መስሎኝ ገባሁ። ነጭ በነጭ ነበርኩ፤ ነጠላዬም እንደተጣፋ ነው። እሳቸውም እንዲሁ። ስለ ልብሱ ሳነሳባቸው፣ «ቤት ከገባን እትዬ አትለቀንም» አሉ። መልሱ አሳማኝ ነበር።

በ95 ቁጥር አውራ ጎዳና ቅዳሜ ቀን በበጋ ወደ ደቡብ የነዳ ሰው ያውቀዋል፤ እሽቅድምድም የሚባል ነገር በዓለም ላይ መኖሩን ያልሰማ መንገድ ነው። ፍሬድሪክስበርግ እስክንደርስ ጋሼ ሁለት የመዝሙር ካሴት አዳረሱ። ካሴት ያልኩት ካሴት ስለሆነ ነው፤ መኪናቸው ያረጀች ኮሮላ ናት፣ አትሸጥም፣ አትለወጥም። ከአውራ ጎዳናው ወጥተን በበቆሎ እርሻ መካከል ብዙ ከሄድን በኋላ የሜዳው መብራት ምሰሶ ታየን። የትኛው ሜዳ እንደሆነ ይቆየኝ። አስፋልት አይደለም፣ የአፈር ትራክ ነው።

ስልኩ ያደረሰን በር ላይ ተጎታች ያስከተሉ ትልልቅ መኪኖች ተሰልፈዋል። ከኋላቸው ተሰለፍን። ኮሮላዋ በመካከላቸው አትታይም። ተራችን ሲደርስ በመስኮት ያለችው ሴት አየችን፣ ነጠላችንን አየች፣ እንደገና አየችን፤ ከዚያ አንድ ረጅም ወረቀት ሰጠችን። አነበብኩት። በአጭሩ፣ ብሞት፣ አካሌ ቢጎድል፣ ቢቃጠል፣ ወራሾቼም ቢሆኑ አይከሱም ይላል።

«ጋሼ፣ ስለ መሞት ነው የሚያወራው።»

«ፈርም እንጂ። የኢንሹራንስ ነገር ነው።»

ፈረምን። ለአንድ ሰው አርባ ዶላር ከፈልን። እጃችን ላይ ብርቱካንማ ወረቀት አሠሩልን፤ ከዚያ በሩ ተከፍቶ፣ ባንዲራ የያዘ ልጅ «ቶሎ እለፉ» አለን። ስናልፍ ያለነው በትራኩ ላይ ነው! ኮሮላዋ ለስላሳው ቀይ አፈር ላይ ስትወጣ ጋሼ ፍጥነት ቀነሱ። ልጁ እየጮኸ ባንዲራውን ያውለበልባል። ጋሼ መስኮቱን ዝቅ አድርገው አየር ሳቡ፤ «እዚህ ላይ መኪና ነድቻለሁ፤ ይመዝገብልኝ» አሉ። ተሻግረን የሜዳው መሀል ገባን። ነጂዎቹ፣ መካኒኮቹ፣ ተጎታቾቹ ያሉበት ነው፤ ፒት ይሉታል። ለካ ተመልካች የሚገባው በፊት ለፊት በር ነው፤ አሥራ አምስት ዶላር ከፍሎ፣ ከመቀመጫ ጋር።

ይሄ የጓሮ በር ነገር ግን እንዲሁ የሚታለፍ አይደለም። የሰፈር ትራክ ሁለት ኪስ አለው። አንዱ የፊት በር ነው፤ ተመልካቹ፣ ሆት ዶጉ፣ ቢራው። ሌላው የጓሮ በር ነው፤ ነጂውና አብሮት የሚገባው ቤተሰቡ በሙሉ የሚከፍልበት። ሰው ሁሉ የትራክን ጤና የሚለካው የፊቱን መቀመጫ እያየ ነው፤ ግማሹ ባዶ ከሆነ «ሞቷል» ይላል። እኔ ከዚያን ማታ ጀምሮ የማየው ጓሮውን ነው። መቀመጫው በሳሳበት ሜዳ ሽልማቱን የሚሸፍነው የተወዳዳሪዎቹ የራሳቸው ገንዘብ ነው። እንደ ዕቁብ ማለት ነው፤ ሁሉም በየቅዳሜው ይጥላል፣ አንዱ ይወስዳል። ልዩነቱ፣ ዕቁብ ላይ ጠብቆ ጠብቆ ተራ ይደርሳል፤ እዚህ ግን አሥር ዓመት ጥሎ አንድ ቀን ያልደረሰው ሰው ሞልቷል። እሱም በሚቀጥለው ቅዳሜ ይመጣል። ስለዚህ መቀመጫ አትቁጠሩ፣ ተጎታች ቁጠሩ። ሃያ ሰው ከጎኑ ይዞ የሚመጣ ተጎታች እስካለ ድረስ የዕቁቡ ዳኛ ደብተሩን አይዘጋም። ችግሩ ዳኛው እያረጀ ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ኮሮላዋን ያቆምነው ከአንድ ተጎታች አጠገብ ነው። አየር ማቀዝቀዣ የሚገጥም ሰውና ገና ሃይስኩል ያለች ሴት ልጁ። ነጂዋ እሷ ናት። መኪናቸው ባለ አራት ሲሊንደር ተራ መኪና ነው፤ መስታወቱ ሁሉ ወልቆ፣ በሮቹ ተበይደው፣ ውስጡ የብረት ቧንቧ አጥር ተሠርቶለት። ይህ ምድብ የድሃ በር ነው። ትልልቆቹ ሌት ሞዴል የሚባሉት መኪኖች በአሥር ሺዎች ዶላር ይቆማሉ፤ የአንድ ጎማቸው ዋጋ ብቻ ከመቶ ሃምሳ ዶላር ይበልጣል፤ ቤንዚናቸውም ከመንገዱ ቤንዚን ጋር አይወዳደርም። በዚህ ምድብ ግን ከጓሮ የተገኘች አሮጌ መኪና ትበቃለች። ለትራኮቹ ነፍስ የዘሩላቸው እነዚህ አሮጌዎች ናቸው ብል አላጋነንኩም፤ ቁጥራቸው ብዙ ነው፣ ነጂዎቻቸው ልጆች ናቸው፣ አያት ቅድመ አያት ሊያያቸው ይመጣል። አባትዬው እንደነገረን፣ ልጁ አንደኛ ብትወጣ እንኳ የምታገኘው ገንዘብ የቤተሰቡን የመግቢያ አይመልስም።

ልጅቷ ሞተሩን አስነሳች። ጋሼ አንገታቸውን ዘንበል አደረጉ።

«በሦስት ነው የሚሠራው» አሉኝ በአማርኛ። አባትዬው ኢንጀክተር ይሁን ፓምፕ እያለ ግራ ገብቶታል። ጋሼ ነጠላቸውን ለእኔ ሰጥተው ገቡ። ሞተሩ እየሠራ የኮይሎቹን ሶኬት አንድ በአንድ ነቀሉ። አንደኛው ሲነቀል ሞተሩ ተንገጫገጨ፤ መለሱት። ሁለተኛው ሲነቀል ተንገጫገጨ። ሦስተኛው ሲነቀል ምንም አልተለወጠም። ጋሼ ቀና ብለው አባትዬውን አዩት። የሞተው እሱ ነው። ካንዴላውን አውጥተው አሸተቱት፤ በቤንዚን ርሷል፤ ቤንዚኑ ደህና ነው፤ የተበላሸው ኮይሉ ነው።

መለዋወጫ መሸጫ በአካባቢው የለም። ቢኖርም የትራኩ በር ተዘግቷል፤ ልምምድ ስለተጀመረ ማንም አይወጣም። አባትዬው ኮፍያውን መሬት ወረወረ። ልጅቷ ምንም አላለችም፤ ጓንቷን አወለቀች። ይሄኔ ጋሼ የልጅቷን መኪና አዩ፣ ቀጥለው የራሳቸውን መኪና አዩ። ኮሮላ ናት። ያቺም ኮሮላ ናት፤ ዘመኗም አንድ ነው።

«ጋሼ፣ እንዳያደርጉት» አልኩ።

የአሥር ቁልፍ ተቀበሉ። አንዲት ብሎን ናት፤ ፈትተው፣ ነቅለው፣ ወስደው ለመግጠም ይህን ዓረፍተ ነገር ያህል ጊዜ አልፈጀባቸውም። የልጅቷ መኪና በአራት እግሯ ቆማ ጮኸች። አባትዬው ጋሼን አቀፋቸው። ነጩ ልብሳቸው ላይ የመጀመሪያው ግሪስ ያረፈው ያኔ ነው።

ከውድድሩ በፊት በድምፅ ማጉያው ጸሎት ተደረገ። ደንባቸው ነው፤ ከብሔራዊ መዝሙራቸው በፊት አንድ ሰው ነጂዎቹን በሰላም መልስልን ብሎ ይጸልያል፣ ኮፍያ ይወልቃል። ጋሼ አማተቡና ከሁሉ ጮክ ብለው «አሜን» አሉ። ልጅቷ አውራ ጣቷን ከፍ አድርጋ አሳየቻቸው። ከዚህ ወዲያ የእሷ ቡድን ሰው ሆኑ፤ እኔም ተከታይ።

የአፈር ትራክ ከውድድሩ በፊት ውሃ ይጠጣል። ቦቴ መኪና እየዞረ ያረሰርሰዋል፤ ካልረጠበ አቧራው ዓይን አያስገልጥም፣ ጎማም አይይዝም። ከዚያ መኪኖቹ ቀስ ብለው እየዞሩ ይደለድሉታል። ይህን ሁሉ ያወቅሁት በኋላ ነው። በጊዜው ያወቅሁት አራተኛው ኩርባ ላይ ከሽቦው አጠገብ የቆመ ሰው ቀይ የቨርጂኒያ ጭቃ እንደሚደርሰው ነው። መጀመሪያ የመጣችው ለውዝ የምታህል ነበረች። ቀጥላ የመጣችው ትከሻዬ ላይ አረፈች። ትልልቆቹ መኪኖች ሲገቡማ ጎማቸው ጭቃውን በአካፋ ነው የሚወረውረው። ከአጠገቤ ያሉት የአካባቢው ሰዎች ሁሉ ጥቁር ለብሰው፣ የብየዳ መነጽር የሚመስል አድርገው ይስቃሉ። አንዲት አሮጊት የወጥ ቤት ወረቀት በጥቅል ሰጠችኝ። ባይጠረግ ይሻል ነበር፤ ጠረግሁትና ነጠላው ሮዝ ሆነ።

ልጅቷ የጀመረችው ከኋላ ነው። ጋሼ ተጎታቹ ጣሪያ ላይ ወጥተዋል። በየዙሩ የሚያልፏትን ሳይሆን የምታልፋቸውን ይቆጥራሉ፤ ሰባተኛ፣ ስድስተኛ። እኔ የማየው ጭቃ ብቻ ነው፤ እሳቸው ግን በጆሮ ነው የሚከታተሉት። «ማርሽ አትቀይርም፤ ጎበዝ! እግሯን አታነሳም!» አራተኛ ደረሰች። ሦስተኛ ልትሆን ኩርባው ላይ ወደ ውስጥ ስትገባ ፊቷ ያለው መኪና ዞረ፤ የምትሄድበት አልነበራትም። ድምፁ የወደቀ ቆርቆሮ ድምፅ ነበር። ኮፈኑ እንደ ድንኳን ታጥፎ ቆመ። ቢጫ መብራት በራ፤ ሁሉም ፍጥነቱን ቀነሰ።

ልጅቷ በመስኮት ወጣች፤ የራስ ቁሯን አውልቃ መኪናዋን በእግሯ መታች። ደህና ናት። ጋሼ ከጣሪያው እየወረዱ «ልጅቷ ደህና ናት?» አሉ። አዎ አልኳቸው። «ኮይሉስ?»

መኪናዋ በክሬን ተጎትታ ስትመጣ የዞረው ልጅ አባትም መጣ፤ ከኋላው ሁለት ወንድሞቹ። እንዲህ ያለው ነገር የተለመደ ነው፤ ኖርዝ ካሮላይና ዊንስተን ሴለም ያለው ባውማን ግሬይ ስታዲየም እንዲያውም «እብድ ቤት» የሚባለው ለዚህ ነው። አባቶቹ ደረት ለደረት ሲገጥሙ ጋሼ መሀላቸው ገቡ። ሪዛቸው ነጭ፣ ልብሳቸው ነጭ፣ ከላይ እስከ ታች ቀይ የተረጨ። ሁለቱን እጃቸውን ዘርግተው «ተው! ተው ልጄ! በእመቤቴ!» አሉ፣ በአማርኛ። ሰዎቹ ዝም አሉ። ካህን መስለዋቸው ይሁን፣ ቆስለው መስሏቸው ይሁን፣ እስከ ዛሬ አልገባኝም። አንደኛው ኮፍያውን አወለቀና «ይቅርታ፣ ጌታዬ» ብሎ ሄደ።

ከዚያ መውጣት የለም። ፒቱ መሀል ነው፣ ትራኩ ዙሪያ ነው፣ ውድድሩ እስኪያልቅ በሩ ተዘግቷል። እስረኛ ሆንን። አባትዬው ሆት ዶግ አቀረበልን፤ ጋሼ «ጾም ነው» አሉ። የጾምን ነገር ማስረዳት ሲጀምሩ የልጅቷ እናት የኦቾሎኒ ቅቤ የተቀባ ዳቦ አመጣችልን። የፍልሰታን ሕግ ሳታውቅ ጠበቀችልን።

ያን ሁሉ ሰዓት ታግተን ስለ ባውማን ግሬይ ሲነግሩን አመሹ፤ እኔም ከዚያ ወዲህ እያነበብኩ የጨመርኩት አለ። ሩብ ማይል ብቻ ነው፤ የእግር ኳስ ሜዳ ዙሪያ የተሠራ፣ የአሜሪካኖቹ ኳስ ማለቴ ነው። ናስካር ከ1949 ጀምሮ ይወዳደርበታል። በየሳምንቱ ሕዝቡ በሺዎች ይመጣል፤ በ2025 ደግሞ ትልቁ ናስካር ራሱ የዓመቱን መክፈቻ ትርዒት እዚያ አሳየ። ከማናሳሱ የሚለየው በምንድን ነው? በፍቅር አይደለም፤ ማናሳስም ፍቅር ነበረው። ስታዲየሙ የከተማው ነው። የዩኒቨርሲቲ ቡድን ይጫወትበታል፣ ሌላም ይሆንበታል፤ ማንም ተነሥቶ ቤት ልሥራበት ሊል አይችልም። እዚያው ኖርዝ ካሮላይና ያለው ኖርዝ ዊልክስቦሮ ደግሞ በሌላ መንገድ ነው የተረፈው። በ1947 የተከፈተ ሜዳ ነው፤ በ1996 ባለቤቶቹ ትልቁን ውድድር ወደ ሌሎች ትልልቅ ሜዳዎች ወሰዱበትና ሣር በቀለበት። በ2021 የክፍለ ግዛቱ መንግሥት 18 ሚሊዮን ዶላር መድቦለት በ2022 እንደገና መኪና ዞረበት፤ በ2023 የናስካር ኮከቦች መጡበት። ትንሣኤ ነው። ግን ስንቱ ሜዳ ነው 18 ሚሊዮን የሚመደብለት?

እኩለ ሌሊት አካባቢ በሩ ተከፈተ። የልጅቷ ኮፈን ግን አልተከፈተም። በፌሮ፣ በመዶሻ፣ በሰንሰለት ሞከሩት፤ ኮይሉ ከታጠፈው ቆርቆሮ ሥር ቀረ። ጋሼ አልተጨነቁም። ባዶውን ቀዳዳ በንጹሕ ጨርቅ ደፈኑት፤ የዚያን ሲሊንደር የቤንዚን ሶኬት ነቀሉት፤ ያልተቃጠለ ቤንዚን ወርዶ ጭስ ማውጫውን እንዳያበላሸው ነው። «በሦስት እንሄዳለን፤ ሥላሴም ሦስት ናቸው» አሉ። በአውራ ጎዳናው ሳይሆን በአሮጌው በ1 ቁጥር መንገድ፣ አራቱንም ፍሬቻ እያበራን፣ እየተንቀጠቀጥን።

የስቴት ፖሊስ ያስቆመን ብዙም ሳንሄድ ነው። የእጅ ባትሪውን አበራብን። ሁለት ሰዎች፣ ነጭ ልብስ፣ ከፀጉር እስከ ጉልበት ቀይ። ባትሪው አልንቀሳቀስ አለ።

«ያ ምንድን ነው?» አለ።

«አፈር ነው» አልኩ። እጃችንን አነሳን፤ ብርቱካንማውን ወረቀት ያየው ያኔ ነው። ባትሪውን ዝቅ አደረገ። የተጠየቅነው ጥያቄ «ማን አሸነፈ?» የሚል ነበር።

የፖሊሱ አባት ሳውዝሳይድ ላይ ይወዳደር ነበር። ያው ዌንደል ስኮት ሻምፒዮን የሆነበት፣ የቼስተርፊልዱ ልጅ ዴኒ ሃምሊንም ናስካር ከመድረሱ በፊት የነዳበት ሜዳ ነው። በ2020፣ በወረርሽኙ ዓመት፣ ባለቤቶቹ በቃን አሉ። ካውንቲው መሬቱን ገዛው፤ መኪና ግን አልተመለሰበትም። ፖሊሱ ይህን ሁሉ ሲነግረን ቆሞ ነው፣ የእኛም ፍሬቻ እየበራ። የቅጣት ወረቀት አልጻፈም። ወደ ግራ ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ጉድጓድ አለ ብሎ አስጠንቅቆ ሄደ።

ኮይሉ በሳምንቱ መጣ። አባትዬው ራሱ ይዞት አሌክሳንድሪያ ድረስ ነዳ፤ ከአዲስ ኮይል ጋር፣ ሁለቱንም በካርቶን አድርጎ። ጋሼ አሮጌውን ወሰዱ፣ አዲሱን መልሰው ለልጅቷ ላኩ። አሁን በየቅዳሜው ይሄዳሉ፤ ልብሳቸው ጥቁር ነው። የጓሮው በር ሴትዮ ስማቸውን ታውቃለች።

ወደ ዳኛው እመለሳለሁ ብዬ ነበር። የሜዳው ባለቤት ሰባ ካለፋቸው ቆይተዋል። ቦቴውን የሚነዱት እራሳቸው ናቸው፤ መብራት ሲጠፋ ምሰሶ ላይ የሚወጣውን ሰው ከሥር ቆመው የሚሳደቡትም እሳቸው ናቸው። ልጆቻቸው ቻርለት ባንክ ውስጥ ይሠራሉ። በየወሩ ፖስታ ይመጣላቸዋል፤ መሬትዎን እንግዛ የሚል። ድሮ የሚጽፉት ቤት ሠሪዎች ነበሩ። አሁን ሰሜን ቨርጂኒያን የሞሉት የዳታ ሴንተር ሰዎችም ተጨምረዋል፤ መስኮት የሌለው ትልቅ ሕንፃ ሠርተው ኮምፒውተር የሚያጉሩት። ሽማግሌው ፖስታዎቹን አይጥሏቸውም። አይመልሱላቸውምም። የዙር ቆጣሪው ክፍል ውስጥ ከጎማ ሥር ተከምረው አይቻቸዋለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ እትዬ «ልየው እስቲ፤ ባሌን የነጠቀኝን» ብለው መጡ። በፊት ለፊት በር ገቡ፤ ተጣጣፊ ወንበር፣ ፀሐይ መነጽር፣ ቡና በፔርሙስ። መጀመሪያ ጆሯቸውን ይዘው ተቀመጡ። ልጅቷ ከኋላ ተነሥታ ስታልፍ ግን ቆመው «ጎሽ! አትልቀቂው!» ሲሉ ከሁሉ በላይ የሚሰማው የእሳቸው ድምፅ ነበር። ሁለተኛ ወጣች። እልል አሉ፤ ከኋላቸው የተቀመጡት ሰዎች ደንግጠው ቢራቸውን ደፉ። ጋሼ ከሜዳው መሀል፣ ከተጎታቹ ጣሪያ ላይ፣ ኮፍያቸውን እያውለበለቡ ደስታቸውን የሚያደርሱበት አጡ።

ከዚያ ሜዳው ውሃ ሊጠጣ ዕረፍት ሆነ። ሽማግሌው ቦቴውን አቁመው ለመሙላት ወረዱ። እትዬ ወንበራቸውን ትተው ወደ አጥሩ ሄዱ፤ ተከተልኳቸው። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉ፣ የበቆሎውን እርሻ አዩ፣ መንገዱን አዩ፣ የመብራት ምሰሶዎቹን በዓይናቸው ቆጠሩ። ከዚያ በጣም በትሕትና፣ «ይቅርታ አባቴ፣ ቦታው ስንት ኤከር ነው?» አሏቸው፤ እጃቸው ቦርሳቸው ውስጥ የንግድ ካርዳቸውን እየፈለገ።

ጋሼ ከዚያ ማዶ ምን እንደተባለ ሊሰሙ አይችሉም። ቦርሳው ሲከፈት ግን አይተዋል። ከጣሪያው ዘለው ወርደው፣ ባንዲራ የያዘው ልጅ «በሩ ዝግ ነው!» እያለ እየጮኸባቸው፣ እርጥቡን ትራክ በእግራቸው አቋርጠው መጡ።